ያገለገለ የመስክ መኪና አመራረጥ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ

በጎንደር ከተማና ከዚያ ወደ ሰሜን በሚዘረጋው ደጋ ያገለገለ የመስክ መኪና የሚገዛ ሰው ሻጩንም ደላላውንም አስቀድሞ የሚጠይቀው መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ ነው፤ የሚሰጠውም መልስ ብዙውን ጊዜ ዋጋውን ይወስናል። የመስክ መኪና ሲባል በዚህ ጽሑፍ ከመሬት ከፍ ብለው የተሠሩት፣ አብዛኞቹም የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማዎች በአንድነት ማስተላለፍ የሚችሉት፣ ኤስዩቪ በሚል አጠራርም የሚታወቁት እንደ ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ፓትሮል፣ ቪታራና ራቭ ፎር ያሉ መኪኖች ማለት ነው። የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረው ጎማው የተሽከረከረበትን ርቀት እንጂ የሞተሩን ዕድሜ ስላልሆነ፣ ከመንገዱ ጠባይ፣ ከቦታው ከፍታ፣ ከነዳጁና ከጥገናው ታሪክ ጋር ካልተገናዘበ ገዢውን ወደ ተሳሳተ መኪና ይመራዋል።

ጉዳዩ ይበልጥ የከበደው ባለፉት ጥቂት ዓመታት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋና የሞተር መጠናቸው ከፍ ባለ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ እስከ 500 በመቶ ስላደረሰው፣ ያረጀ ላንድክሩዘር ከውጭ አስመጥቶ መሸጥ የማያዋጣ ሥራ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚህ የተነሣ አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ መኖር ግድ ሆኖባቸዋል፤ 20 እና 25 ዓመት ያገለገለ ላንድክሩዘር በብዙ ሚሊዮን ብር ሲሸጥ ማየትም እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ዋጋ የተሳሳተ ሞተር መግዛት የአንድ ቤተሰብን የዓመታት ቁጠባ ሊጨርስ ስለሚችል፣ አመራረጡ ከወሬ ይልቅ በእውቀት ላይ መመሥረት አለበት።

የሞተር ድካም የሚለካው ሞተሩ በዞረበት ጊዜና በተሸከመው ሸክም ነው። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው የአስፋልት መንገድ የሚመላለስ መኪና በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ቢባል፣ 200,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ሞተሩ 3,300 ሰዓት ያህል ይሠራል። ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ፣ የቧሒትን ከፍታ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ በሚወስደው ጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና ግን አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ለተመሳሳዩ ርቀት 8,000 ሰዓት መሥራት ይኖርበታል፤ አብዛኛውንም ሰዓት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ጭነት ተሸክሞ፣ ዳገት እየገፋ ያሳልፈዋል። ሁለቱ መኪኖች በዳሽቦርዳቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያሳዩም የሁለተኛው ሞተር የመጀመሪያውን ከእጥፍ በላይ ሠርቷል። ቆሞ የሚሠራ ሞተርም እንዲሁ ነው፤ በሽተኛ እስኪጫን ሞተሩ ሳይጠፋ የሚጠብቅ አምቡላንስ ወይም በቆላ ሙቀት ለማቀዝቀዣው ሲባል ሲዞር የሚውል የድርጅት መኪና አንድም ኪሎ ሜትር ሳይጨምር ያረጃል።

ስለዚህ «ስንት ነዳ?» ከሚለው በፊት «የት ነዳ፣ ማን ነዳው፣ ለምን ሥራ?» የሚለው መጠየቅ ይገባዋል። በአካባቢው የሚገኙት ላንድክሩዘሮች ብዙዎቹ ቀደም ሲል የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የእርዳታ ድርጅት ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ቱሪስት የሚያመላልስ አስጎብኚ ንብረት የነበሩ ናቸው። የእርዳታ ድርጅት መኪና ብዙ ኪሎ ሜትር ቢኖረውም በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ የተቀየረበት መዝገብ ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ ሾፌር የተፈራረቀበት የመሥሪያ ቤት መኪና ግን ኪሎ ሜትሩ ዝቅ ብሎም በጀት ሲዘገይ ዘይቱ ሳይቀየር የከረመበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚነግረው የዳሽቦርዱ ቁጥር ሳይሆን ወረቀቱ ነው፤ ወረቀት ከሌለም መኪናውን ሲሠራ የኖረው መካኒክ ነው።

ቁጥሩ ራሱ እውነተኛ መሆኑም መረጋገጥ አለበት። የሜካኒካል ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የኤሌክትሮኒክስ ቆጣሪም በኮምፒውተር ይለወጣል፤ ወይም ዳሽቦርዱ ተነቅሎ ሌላ ይገጠማል። ተንኮል በሌለበትም ስሕተት ይኖራል፦ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከአሜሪካ ያመጧቸው መኪኖች ቆጣሪ የሚቆጥረው በማይል ስለሆነ፣ 120,000 ብሎ የሚያሳይ መኪና የሄደው 193,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፍሬን መርገጫው ጎማ እስከ ብረቱ ያለቀ፣ የመሪው ቆዳ የላሸ፣ የሾፌሩ መቀመጫ ጠርዝ የተቀደደ ሆኖ ሳለ ቆጣሪው 90,000 የሚል ከሆነ ከቆጣሪው ይልቅ መርገጫው ይታመናል።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 እስከ 2,200 ሜትር፣ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ፣ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ በጎንደር አንድ ሲሊንደር የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚስበው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በጨነቅ ደግሞ ሲሶው ያህል ይጎድላል። አየር በራሱ ብቻ የሚስብ፣ ማለትም ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፋብሪካው 130 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ሞተር ጎንደር ላይ 100 ገደማ፣ ጨነቅ ላይ 90 ገደማ ይሰጣል። ቱርቦ ማለት በሚወጣው ጭስ ግፊት እየዞረ አየርን አጭቆ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ መሣሪያ ስለሆነ ይህን ጉድለት በአመዛኙ ያካክሳል፤ ባለ ቱርቦ ናፍታ በሊማሊሞ ዳገት ላይ የሚያሳየው ብርታት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የጉልበቱ መቀነስ ራሱ ሞተር አይገድልም፤ የሚጎዳው ከእሱ ጋር የሚመጣው ነገር ነው። የናፍታ ፖምፓው ለቆላ ተስተካክሎ ነዳጁን እንደ ወትሮው ሲረጭ አየሩ ስለማይበቃው ናፍታው ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ይሆናል፤ ጥላሸቱም በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ወደ ዘይቱ እየወረደ ዘይቱን ያወፍረዋል፣ የሚወጣው ጭስ ሙቀትም ይጨምራል። ከአንድ ዳገት እስከ ሌላው ጥቁር ጭስ እየተፋ የኖረ ናፍታ መኪና፣ ኪሎ ሜትሩ ምንም ያህል ቢሆን፣ የፒስተን ፋሻውን ማለትም ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያሽገውን ቀለበት ቀድሞ ይጨርሳል። በደጋ የሚሠራ መኪና ፖምፓው በአካባቢው ከፍታ ልክ መስተካከሉ፣ የአየር ፊልትሮውም በጊዜው መቀየሩ እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም።

ሁለተኛው የከፍታ ጣጣ ውሃው ነው። ውሃ በጎንደር ከፍታ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ በጨነቅ በ88 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የአንድ ሞተር የተለመደ የሥራ ሙቀት ደግሞ በእነዚሁ ቁጥሮች ዙሪያ ይንቀሳቀሳል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ የመፍያውን ነጥብ ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ የላላ ወይም በሌላ ዓይነት ክዳን የተተካ መኪና በባሕር ዳርቻ ላይ ችግር ሳያሳይ ሊኖር ይችላል፤ ደባርቅ ዳገት ላይ ግን ውሃው ይፈላል፣ መኪናው ሙቀት ይሠራል፣ በሲሊንደሮቹ ላይ የሚከደነው ቴስታታ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። በዋጋው እጅግ አነስተኛ የሆነ ክዳን ሳይቀየር ቀርቶ አንድ ሞተር መጥፋቱ የሚያሳዝን ነገር ነው። ወደ ራዲያተር የሚጨመረው ውሃ ብቻ ሲሆን ደግሞ ዝገቱ ቀጫጭን ቧንቧዎችን ይደፍናል፤ ፀረ ዝገት ያለበት ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጠቀም ይህን ይከላከላል። የጎንደር መኪና በተጨማሪ ሁለት ዓይነት አየር ይገጥመዋል፦ ደባርቅ ላይ ሌሊቱ ወደ በረዶ የሚጠጋ ቅዝቃዜ ሲኖረው፣ መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወራት አለ። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት የሚያይ ሞተር ጤናማ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ከሌለው ዕድሜው አጭር ነው።

አቧራውና ነዳጁም መነሣት አለባቸው። በበጋ ከጠጠር መንገድ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ውስጥ እንደ አሸዋ የሚፍቅ ነገር ስላለ፣ የአየር ፊልትሮው ሳጥን ካልገጠመ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ አቧራው በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ገብቶ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ የመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ጉዳት ያደርሳል። ነዳጅ ከማደያ ሲጠፋና በጀሪካን ሲገዛ ደግሞ ውሃ፣ ቆሻሻና ኬሮሲን የተቀላቀለበት ናፍታ ወደ ታንከሩ ይገባል። ይህ ሁሉንም ሞተር ቢጎዳም በእኩል ደረጃ አይጎዳም፤ ከዚህም ላይ የሞተሮቹ አሠራር ልዩነት ወደሚታይበት ነጥብ ይደረሳል።

በአካባቢው የመስክ መኪና ሁሉ መለኪያ ሆኖ የኖረው በላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ላይ የሚገጠመው 1ኤችዜድ የተባለው ሞተር ነው። 70 ተከታታዩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ፤ 1ኤችዜድ ደግሞ በ1990 ተጀምሮ በብዙ አገሮች ለአሥርተ ዓመታት ተሠርቷል። ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር መጠን ያለው፣ ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር ሲሆን፣ ለመጠኑ የሚያወጣው 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት ትንሽ ነው፤ ጽናቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ትልቅ ሞተር ትንሽ ጉልበት እንዲያወጣ ሲደረግ እያንዳንዱ ክፍል ከአቅሙ በታች ይሠራል። ናፍታው የሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ሆኖ በፒስተኑ ላይ በቀጥታ ሳይሆን ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚረጭበት ግፊት በጥቂት መቶ ባር ስለሚወሰን ንጹሕ ባልሆነ ናፍታ ላይ ያለው ትዕግሥት ከአዲሶቹ ሞተሮች ይበልጣል። ኮምፒውተር ስለማይቆጣጠረው ደባርቅ ላይ የቆመን 1ኤችዜድ መካኒክ በእጁ መሣሪያ ሊያስነሣው ይችላል። ደህና የተያዘ እንደሆነ ሞተሩ ሳይወርድ 400,000 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህም ሆኖ 1ኤችዜድ የማይሞት ሞተር አይደለም፤ «ላንድክሩዘር ነው፣ ምን ይሆናል» የሚለው መተማመን ብዙዎቹን ገድሏቸዋል። የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ታይሚንግ ቤልት የተባለው የጎማ ቀበቶ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ ሳይቀየር ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው የሚያስከትሉት ወጪ ከቀበቶው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ጉልበት ለመጨመር ተብሎ ከፋብሪካው ውጭ ቱርቦ የተገጠመበት 1ኤችዜድ ሲቀርብም ገዢው መጠንቀቅ አለበት፤ ይህ ሞተር ለዚያ ሙቀት አልተሠራምና ቴስታታው የመሰንጠቅ አደጋ አለበት።

ፕራዶን በተመለከተ የሚሸጠው «ፕራዶ» መሆኑን ማወቅ በቂ አይደለም፤ በአንድ ስም የሚጠሩት መኪኖች ውስጥ በጽናት እጅግ የሚለያዩ ሞተሮች አሉና። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2002 በተሠራው ባለ 90 ተከታታይ ላይ ያለው 3.0 ሊትር ባለ ቱርቦ 1ኬዜድ ጉልበቱ በደጋ ቢመሰገንም ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ አንድ ጊዜ ሙቀት ከሠራ ለመሰንጠቅ ይቀርባል፤ እንዲህ ያለ መኪና ሲገዛ የማቀዝቀዣው ታሪክ ከኪሎ ሜትሩ በፊት ይጠየቃል። ቀጥሎ የመጣው 1ኬዲ የተባለው ባለ 3.0 ሊትር ሞተር ኮመን ሬል የሚባለውን አሠራር ይጠቀማል፤ ይህም ናፍታው በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ተጠራቅሞ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭበት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ በከፍታ ላይም ጉልበቱ አይለየውም፤ ነገር ግን ናፍታውን የሚረጨው የኢንጀክተሩ ቀዳዳ ለዓይን የማይታይ ያህል ጠባብ ስለሆነ የጀሪካን ናፍታ በአጭር ጊዜ ያበላሸዋል። ቀደም ባሉት 1ኬዲዎች ላይ ከኢንጀክተሩ ሥር ያለው የመዳብ ማሸጊያ እያፈሰሰ የቃጠሎው ጥላሸት ወደ ዘይቱ ይገባና ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍን ነበር፤ ዘይት የተቋረጠበት ሞተር ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ይነክሳል። የእነዚህ ማሸጊያዎች መቀየር በጥገና ወረቀት የተመዘገበ ከሆነ ለገዢው ትልቅ ማረጋገጫ ነው። በፕራዶ ላይ የሚገጠመው 2.7 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ 2ቲአር፣ በቀበቶ ፋንታ ሰንሰለት ያለውና በጽናቱ የሚታመን ነው፤ ቤንዚን በብዛት መጠጣቱና በከባድ ዳገት ላይ መድከሙ ግን መታወቅ አለበት።

የኒሳን ፓትሮልም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ቲዲ42 የተባለው 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተሩ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በጥርሳም ማርሽ ስለሆነ የሚበጠስ ቀበቶ የለውም፤ በጽናት ከ1ኤችዜድ ጋር የሚወዳደርም ነው። በኋላ የተካው 3.0 ሊትር ዜድዲ30 ግን በመጀመሪያ ዓመታቱ በፒስተን ጉዳት በብዙ አገሮች ስሙ ተነሥቷል። ውጫዊ አካላቸው አንድ የሆነ ሁለት ፓትሮሎች ጎን ለጎን ቆመው፣ አነስተኛ ኪሎ ሜትር ያለው 3.0 ሊትሩ፣ ብዙ የነዳው ደግሞ 4.2 ሊትሩ ቢሆን፣ ለሰሜን ጎንደር መንገድ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው።

ከተማ ውስጥ፣ በማራኪና በአዘዞ፣ በፒያሳና በአራዳ መካከል ለሚመላለስ ቤተሰብ ግን 4.2 ሊትር ናፍታ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ሞተሩ ሳይሞቅ አጫጭር መንገድ መሄድ ትልቅ ናፍታን ይጎዳዋል። ለዚህ ዓይነቱ ሰው የሚስማሙት ሱዙኪ ቪታራና ግራንድ ቪታራ ወይም ቶዮታ ራቭ ፎር ናቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ቪታራ 1.6 ሊትር ሞተሩ ቀበቶ ሲኖረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የተሠራው ግራንድ ቪታራ 2.0 ሊትር ሞተሩ ሰንሰለት አለው። በራቭ ፎር ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሁለተኛ ትውልድ ላይ ያለው 1.8 ሊትር ሞተር ቀደምት ምርቶቹ፣ እንዲሁም በሦስተኛው ትውልድ ላይ የተገጠመው 2.4 ሊትር ሞተር፣ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ፤ እነዚህን የሚገዛ ሰው የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳያይ ገንዘብ መቁጠር የለበትም።

በአሜሪካ የመኪና ገበያን የሚያጠና አይሲካርስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደረጃ ቶዮታ ሴኮያና ላንድክሩዘር ከ250,000 ማይል በላይ፣ ማለትም ከ400,000 ኪሎ ሜትር በላይ የመድረስ ዕድል ካላቸው መኪኖች ግንባር ቀደም ሆነው ተገኝተዋል። ደረጃው የሞዴሎችን ጥንካሬ በጥቅሉ ለመረዳት ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ የተጠናው በአሜሪካ አውራ ጎዳና፣ በንጹሕ ነዳጅና በቅርብ በሚገኝ መለዋወጫ ላይ ስለሆነ ለደባርቅ ገዢ ሙሉ መልስ አይሰጥም። ጃናሞራ ላይ የቆመ መኪና ዕድሜው የሚወሰነው መለዋወጫው ጎንደር ከተማ መገኘቱና የሚሠራው እጅ መኖሩ ጭምር ነው፤ ባልተለመደ ሞዴል ላይ አንድ ማሸጊያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ።

መኪናው ሲታይ የሚመረጠው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ መሆን አለበት። ገዢው ሲደርስ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆት ከተገኘ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ምርመራው ለሌላ ቀን ቢዛወር ይሻላል፤ የደከመ ሞተር ድክመቱን የሚገልጠው በቅዝቃዜ ሲነሣ ነውና። ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚወጣ ቀላል ጭስ በደጋ ብርድ ያለ ነገር ሲሆን፣ የማይቆም ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆምና የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ወደ ሲሊንደር መግባቱን፣ ነዳጅ ሲሰጠው የሚበዛ ጥቁር ጭስ ደግሞ የፖምፓ፣ የኢንጀክተር ወይም የአየር ፊልትሮ ችግርን ያመለክታል። ሞተሩ እየዞረ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት በጉልህ የሚገፋ ትንፋሽ ካለ ፋሻዎቹ አልቀዋል ማለት ነው። የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ ሳይነሣ ተከፍቶ በውስጡ የዘይት ጠብታ ወይም ቡናማ ዝገት መኖሩ ይታያል። ከአየር ፊልትሮው በኋላ ያለው ቱቦ ውስጡ በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ አቧራ ካለበት፣ ያ አቧራ ወደ ሲሊንደር ሲገባ እንደኖረ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ የኮምፕሬሽን ልኬት ይቀጥላል፤ ይህም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን አጭቆ ምን ያህል ግፊት እንደሚፈጥር በመለኪያ ማየት ነው። እዚህ ላይ በጎንደር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የፋብሪካው መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር ለባሕር ወለል የተሰላ ስለሆነ፣ በጎንደር ከፍታ ጤነኛ ሞተር እንኳ ከመጽሐፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ይለካል። በዚህ ምክንያት ደህና ሞተር ደክሟል ተብሎ ሊወርድ ይችላል። የሚሻለው ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማወዳደር ነው፤ ስድስቱም የተቀራረቡ ከሆኑ ሞተሩ በእኩል ያረጀ ነው፣ አንዱ ከሌሎቹ በጉልህ ከወረደ ግን እዚያ ቦታ የተቃጠለ ቫልቭ፣ የተሰበረ ፋሻ ወይም የተበላ ጓርኒሲዮን አለ። ልኬቱ አንድ መካኒክ ከግማሽ ቀን ባነሰ ጊዜ የሚሠራው ነው፤ ክፍያው ከመኪናው ዋጋ አንጻር ከቁጥር አይገባም።

የመንዳት ሙከራው በከተማው ሜዳ ላይ መቆም የለበትም። ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወጣው መንገድ ሞተርን ያለ ሐሰት ይፈትናል፤ የሙቀት መለኪያው ዳገቱን በሙሉ ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ ፍሪሲዮኑ ካልተንሸራተተና በመመለሻው ቁልቁለት በማርሽ ሲያዝ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ካልታየ፣ መኪናው ደጋውን ይችላል ማለት ይቻላል። ቀድሞ «ሞተሩ ተሠርቷል» ተብሎ የሚቀርብ መኪናም ሳይመረመር መጣል የለበትም፤ በሚታመን ጋራዥ፣ በትክክለኛ መለዋወጫ፣ ከነደረሰኙ የተሠራ ሞተር ካልተነካ ነገር ግን በአግባቡ ካልተያዘ ሞተር ይሻላል። ደረሰኝ የሌለው ጥገና ግን ወሬ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ በአጭሩ፣ በሊብሬው ላይ ያሉት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች በመኪናው ላይ ከተቀረጹት ጋር መመሳሰላቸው፣ መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉ፣ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ የሌለበት መሆኑ ስም ከመዞሩ በፊት መጣራት አለበት። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው የተለየ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ ሕጋዊ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ስለሆነ የዳሽቦርዱ ኪሎ ሜትር ስለዚያ ሞተር የሚናገረው ነገር አይኖርም።

ለሰሜን ጎንደር ገጠር መንገድ መኪና የሚፈልግ ገዢ፣ በአንድ በኩል የጥገና መዝገብ ያለው፣ 320,000 ኪሎ ሜትር የነዳ 1ኤችዜድ፣ በሌላ በኩል ታሪኩ የማይታወቅ፣ 140,000 የሚል ኮመን ሬል ፕራዶ በተቀራራቢ ዋጋ ቢቀርቡለት፣ ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የመጀመሪያው ይሻለዋል። ለከተማ ብቻ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ዘይት የማይበላ ግራንድ ቪታራ ከሁለቱም ይበልጥበታል። የትኛውንም ቢመርጥ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለመኪናው ዋጋ አያውለው፤ በገዛ በመጀመሪያው ሳምንት ታይሚንግ ቤልት ያለው ከሆነ ቤልቱን፣ ዘይቱን፣ ፊልትሮዎቹን፣ የራዲያተሩን ፈሳሽና ክዳኑን አስቀይሮ፣ የቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር መመዝገብ ይጀምር።